ዋንጫው የማን ነው?

የዛሬው ጽሑፍ ረዘም ይላል። ቡና የቀረበላችሁ ቡናችሁን እየጠጣችሁ፣ ታክሲ ሰልፍ ላይ ያላችሁም እዚያው ሆናችሁ አንብቡት። የድሮ ተማሪዎቼ ታውቁኛላችሁ፤ እኔ አንድ ነገር ለመናገር ሦስት አገር ዞሬ ነው የምመጣው።

ነገሩን ያስነሳው አንድ ልጅ ነው። 11ኛ ክፍል ነው። ስሙን አልጠራም፣ እሱ ራሱን ያውቃል። ሯጭ ነው። ባለፈው ሳምንት ማታ በሜሴንጀር እንዲህ ብሎ ጻፈልኝ፦ «ቲቸር፣ ክለብ ሊወስደኝ ነው። ትምህርቱን ላቆመው አስቤያለሁ። ምን ትመክረኛለህ?»

«ነገ እመልስልሃለሁ» አልኩት። ይኸው ሳምንት ሆነኝ። ዝም ያልኩት ንቄው አይደለም። «ተማር» ማለት ቀላል ነው፤ ግን መምህር ስለሆንኩ ብቻ ያልኩት ይመስለዋል። «ሂድ» ማለትም ቀላል ነው፤ ከዚያ በኋላ የሚመጣውን የሚሸከመው ግን እሱ እንጂ እኔ አይደለሁም።

ደግሞም የራሴ ቁስል አለኝ። 10ኛ ክፍል እያለሁ ለትምህርት ቤታችን ቡድን በግራ ተከላካይነት እጫወት ነበር። ውድድር ሲደርስ ከክፍል ወደ ልምምድ፣ ከልምምድ ወደ ጨዋታ ነበር። ላልተፈተንነው ፈተና ማርክ ይሞላልናል። ደስ ይለን ነበር፤ ማን ይጠላል? ከሁላችን የሚበልጥ አንድ አጥቂ ነበረን። ዋንጫውን ያመጣው እሱ ነው ብል አላጋነንኩም። በቀጣዩ ዓመት ጉልበቱ ተጎዳ። ወደ ክፍል ሲመለስ ደብተሩ ባዶ ነበር። የት ደረስክ ብሎ የጠየቀው ሰው አልነበረም፤ እኛ ጓደኞቹም አልጠየቅነውም። ዓመቱ ሳያልቅ ትምህርቱን ተወ። ዋንጫው ግን እስከ ዛሬ በዚያ ትምህርት ቤት ቢሮ፣ መስታወት ባለው ቁም ሳጥን ውስጥ እንዳለ ይነግሩኛል።

እንግዲህ መልሴን ከሩቅ ልጀምር፤ በአሜሪካ አንድ ዩኒቨርሲቲ ቡድኖች ታሪክ። ለምን ይህን እንደመረጥኩ መጨረሻ ላይ ይገባችኋል። (ዓመታቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፤ በእኛ ሲሆን ለይቼ እነግራችኋለሁ።)

ማዕድን ቆፋሪዎቹ

ከተማው ኤል ፓሶ ይባላል። በቴክሳስ ግዛት ምዕራባዊ ጫፍ፣ ሪዮ ግራንዴ ወንዝ ዳር ያለ የበረሃ ከተማ ነው። ወንዙን ከተሻገራችሁ ሜክሲኮ ገባችሁ ማለት ነው። እዚህ ከተማ በ1914 አንድ የማዕድን ትምህርት ቤት ተከፈተ። በ1916 ዋናው ሕንጻ ተቃጠለ። አዲስ ሊሠራ ሲታሰብ የዲኑ ባለቤት በአንድ መጽሔት ላይ የቡታንን አገር ፎቶዎች አይታ ኖሮ «ለምን እንደዚህ አንሠራውም? ተራራው ይመሳሰላል» አለች። ይኸው ከ1917 ጀምሮ የዚያ ግቢ ሕንጻዎች ሰፋፊ ጣሪያ፣ ወደ ውስጥ ያዘነበለ ወፍራም ግድግዳ ያላቸው፣ የሂማላያ ገዳም የመሰሉ ናቸው። ቴክሳስ በረሃ ላይ ቡታን!

ትምህርት ቤቱ ስሙን ደጋግሞ ቀይሯል። ከ1949 ጀምሮ ቴክሳስ ዌስተርን ኮሌጅ ተባለ፤ ከ1967 ወዲህ የቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ በኤል ፓሶ ነው፣ ባጭሩ ዩቴፕ ይሉታል። የቡድኖቹ ስም ግን አልተቀየረም፦ «ማይነርስ»፣ ማዕድን ቆፋሪዎቹ። ምልክታቸው ዶማ የያዘ ሽማግሌ ማዕድን ፈላጊ ነው። ደጋፊው ስታዲየም ውስጥ እጁን ዶማ አስመስሎ ያነሳል፤ «ዶማችሁን አንሱ» እንደማለት። ከግቢው በላይ ተራራው ላይ ደግሞ ከሩቅ የሚታይ ትልቅ ነጭ የእንግሊዝኛ «ኤም» ፊደል አለ። እሱን በየጊዜው ኖራ መቀባት ከድሮ ጀምሮ የምህንድስና ተማሪዎች ልማድ ነው። እንግዲህ ወግና ባህል የሚባለው ይህ ነው፤ ስም፣ ቀለም፣ ምልክት፣ ጩኸት። እኛም በየትምህርት ቤታችን የክፍል ለክፍል ውድድር ሲደርስ የምናደርገው አይደል? የሴክሽን ስም አውጥተን፣ ጄሪካን እየደበደብን።

ሜዳ ከመግባት በፊት በሩ

ቴክሳስ የደቡብ ግዛት ናት። በዚያ ዘመን ጥቁርና ነጭ በሕግ ተለያይቶ የሚማርባት አገር ነበረች። በኤል ፓሶ ዳግላስ የሚባል የጥቁሮች ትምህርት ቤት ነበር። ከዚያ በጥሩ ውጤት የተመረቀች ቴልማ ዋይት የምትባል ልጅ ቴክሳስ ዌስተርን ልግባ ብላ አመለከተች። በቀለሟ ምክንያት ከለከሏት። ከሰሰች። በ1955 የፌዴራሉ ዳኛ ለእሷ ፈረደ፤ በዚያው ዓመት መኸር 12 ጥቁር ተማሪዎች ኮሌጁ ገቡ። ቴልማ ግን አልገባችም፤ እስከዚያ የጀመረችበት ኒው ሜክሲኮ ያለ ኮሌጅ ቀረች። በሩን ከፈተችው፣ የገቡበት ሌሎች ናቸው።

በቀጣዩ ዓመት በ1956 ቻርሊ ብራውን የሚባል ጥቁር ተጫዋች ለቅርጫት ኳስ ቡድኑ ተሰለፈ። ልብ በሉ፤ ስለ ዋንጫው የሚያወሩ ሰዎች ብዙውን ጊዜ ከአሰልጣኙ ነው የሚጀምሩት። እኔ ግን የታሪክ ነገር ስለሆነ ከልጅቷ ጀመርኩ። ቴልማ ባትከስ ኖሮ ያ ቡድን የለም። ፍርድ ቤት የቆመች ተማሪ ለቡድኑ ከማንም አሰልጣኝ በፊት ተጫውታለች።

ከሃይስኩል የመጣው አሰልጣኝ

በ1961 ዶን ሃስኪንስ የሚባል የ31 ዓመት ሰው የቅርጫት ኳሱ አሰልጣኝ ሆነ። ከየት መጣ ካላችሁ፣ እንደኛ ከሃይስኩል ነው! በቴክሳስ ትናንሽ ከተሞች የሴቶችም የወንዶችም ቡድን ሲያሰለጥን የኖረ ሰው ነው። ኤል ፓሶ ሲመጣ ከነሚስቱና ከነልጆቹ የተማሪዎች ማደሪያ ውስጥ ገባ፤ አትሌቶቹን እንዲቆጣጠር። ልምምዱ ከባድ ነበር። እምነቱ መከላከል ላይ ነው፤ ሁሉም የራሱን ሰው ይያዝ፣ አይልቀቅ።

ፊልሙን ያያችሁ ካላችሁ (በ2006 የወጣው «ግሎሪ ሮድ») ሃስኪንስ በመጣበት ዓመት ዋንጫ የወሰደ ያስመስላል። አይደለም። አምስተኛ የውድድር ዓመቱ ነው። ይህን የማነሳው ፊልሙን ለመተቸት አይደለም። ተማሪዎቼ ሆይ፣ ፊልም አምስት ዓመት ልፋትን በሁለት ሰዓት ስለሚያሳይ ነው ሁላችንም ነገ ሻምፒዮን የምንሆን የሚመስለን።

ሃስኪንስ ተጫዋች ፍለጋ ሩቅ ሄደ። ከጌሪ ኢንዲያና ሃሪ ፍሎርኖይንና ኦርስተን አርቲስን፣ ከዲትሮይት አካባቢ ቦቢ ጆ ሂልን፣ ከሂውስተን ዴቪድ ላቲንን፣ ከኒው ዮርክ ዊሊ ዎርስሊን፣ ኔቪል ሼድንና ዊሊ ኬገርን አመጣ። ሰባቱም ጥቁሮች ናቸው። በቡድኑ ውስጥ ነጭና ሜክሲኮ አሜሪካዊ ተጫዋቾችም ነበሩ፤ 12 ነበሩ በአጠቃላይ።

በዚያ ዘመን በብዙ አሰልጣኞች ዘንድ ያልተጻፈ ሕግ ነበር። ጥቁር ተጫዋች ቢኖርህ እንኳ ብዙውን በአንድ ጊዜ አታሰልፍ። የደቡብ ትልልቅ ዩኒቨርሲቲዎች ደግሞ ጭራሽ አንድም አልነበራቸውም።

መጋቢት 10 ቀን 1958

በ1966 የውድድር ዓመት ቴክሳስ ዌስተርን ከመደበኛው ውድድር የመጨረሻ ጨዋታ በስተቀር ሁሉንም አሸነፈ። ወደ ብሔራዊው የኮሌጆች ሻምፒዮና ገባ። ከካንሳስ ጋር ያደረገው ጨዋታ ልብ ያቆማል፤ ሁለት ጊዜ ጭማሪ ሰዓት ተሰጥቶ 81 ለ 80 አለቀ። በመጀመሪያው ጭማሪ ሰዓት ማብቂያ ላይ ካንሳስ አንድ ኳስ አስገብቶ ነበር፤ ዳኛው የተጫዋቹ ተረከዝ መስመር ረግጧል ብሎ ሰረዘው። አያችሁ፣ ታሪክ አንዳንዴ በተረከዝ ላይ ነው የሚቆመው። ከዚያ በግማሽ ፍጻሜው ዩታን 85 ለ 78 አሸነፉ።

ፍጻሜው መጋቢት 10 ቀን 1958 በእኛ አቆጣጠር፣ ማርች 19 ቀን 1966 በእነሱ፣ በሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ አዳራሽ ነበር። ባላጋራው ኬንታኪ። አሰልጣኙ አዶልፍ ረፕ ከዚያ በፊት አራት ጊዜ ዋንጫ የወሰደ ስመ ጥር ሰው ነው። ቡድኑ ውስጥ አንድም ጥቁር የለም።

ሃስኪንስ አምስት ጥቁሮችን አሰለፈ፦ ሂል፣ አርቲስ፣ ዎርስሊ፣ ፍሎርኖይ፣ ላቲን። ፍሎርኖይ ገና በጊዜ ሲጎዳ ተቀይረው የገቡትም ሼድና ኬገር ናቸው። ሜዳ የረገጡት ሰባቱ ብቻ ነበሩ። በጨዋታው መጀመሪያ ላቲን ዘሎ ኳሷን ከላይ ወደ ቅርጫቱ ቸከላት። ቀጥሎ ትንሹ ቦቢ ጆ ሂል በተከታታይ ሁለት ጊዜ ከኬንታኪ ተጫዋቾች እጅ ኳስ ነጥቆ ብቻውን ሄዶ አስገባ። ኬንታኪዎች ከዚያ በኋላ ኳስ ሲይዙ እጃቸው ይፈራ ጀመር። ሲያጠፉባቸው ደግሞ ቴክሳስ ዌስተርኖች ከ34 ነጻ ውርወራ 28ቱን አስገቡ። 72 ለ 65።

በአሜሪካ ኮሌጆች አንድ ልማድ አለ፤ ያሸነፈ ቡድን መሰላል ይቀርብለትና የቅርጫቱን መረብ በመቀስ ቆርጦ ይወስዳል። የዚያን ዕለት መሰላል ያመጣላቸው ሰው አልነበረም። ረጅሙ ሼድ አጭሩን ዎርስሊን ወደ ላይ አነሳውና መረቡን ቆረጡት። እኔ ከጨዋታው ሁሉ የምወዳት ይህችን ነው። መሰላል ሲከለክሉህ የጓደኛህ ትከሻ አለ።

ሃስኪንስ ኋላ ሲጠየቅ ታሪክ ልሠራ አላሰብኩም፣ ምርጥ አምስቶቼን ነው ያሰለፍኩት ይል ነበር። እኔ አምነዋለሁ። ትልቅነቱም እዚያ ላይ ነው። ለዚህች ተራ ነገር ግን የስድብና የዛቻ ደብዳቤ በገፍ ተላከለት።

አንድ ነገር እናስተካክል። ጥቁሮች በብዛት የተሰለፉበት ሻምፒዮን ቡድን ይህ የመጀመሪያው አይደለም፤ በ1963 ሎዮላ ቺካጎ አራት ጥቁሮች አሰልፎ አሸንፏል። አምስቱንም ጥቁር አድርጎ ፍጻሜ ጀምሮ ያሸነፈ ግን ቴክሳስ ዌስተርን ነው። ከዚያ ወዲህ የደቡቡ በር መከፈት ጀመረ። በ1967 መኸር ፔሪ ዋላስ ለቫንደርቢልት ተሰልፎ በትልቁ የደቡብ ምሥራቅ ሊግ የመጀመሪያው ጥቁር የቅርጫት ኳስ ተጫዋች ሆነ። ረፕም በ1969 የመጀመሪያውን ጥቁር ተጫዋች አስፈረመ።

እዚህ ላይ ብናቆመው ደስ የሚል ታሪክ ነበር። ፊልሙም እዚህ ላይ ነው የሚያቆመው።

ከሁለት ዓመት በኋላ

ሐምሌ 1968 ስፖርትስ ኢለስትሬትድ የተባለው ታዋቂ መጽሔት ስለ ጥቁር አትሌቶች አምስት ተከታታይ ጽሑፍ አወጣ። ጸሐፊው ጃክ ኦልሰን ነው። ከአምስቱ አንዱ በቀጥታ ስለ ኤል ፓሶው ዩኒቨርሲቲ ነበር። ያ ዋንጫ የወሰደ ግቢ! ጽሑፉ የሚያሳየው ጥቁር አትሌቶች ሜዳ ላይ ሲጨበጨብላቸው፣ ከሜዳ ሲወጡ ግን ከተማው ውስጥ ቤት ለመከራየት፣ ሚስቶቻቸውም ሥራ ለማግኘት እንደሚቸገሩ ነው። ተጫውተው ሲጨርሱም ዲግሪ ሳይዙ የሚቀሩ ብዙ ናቸው። ግቢው ውስጥ ያሉ ሰዎች ተጋኗል ብለው ተቆጡ። ሊጋነን ይችላል። ግን ያ መጽሔት ከመውጣቱ ከሦስት ወር በፊት የሆነውን ተመልከቱ።

ኤፕሪል 4 ቀን 1968 ማርቲን ሉተር ኪንግ ተገደለ። በዚያው ወር የዩቴፕ የአትሌቲክስ ቡድን ዩታ ሄዶ ከብሪገም ያንግ ዩኒቨርሲቲ ጋር እንዲወዳደር ቀጠሮ ነበረው። ዩኒቨርሲቲው የሞርሞን ቤተክርስቲያን ነው። ቤተክርስቲያኒቱ በዚያ ጊዜ ለጥቁሮች ክህነት አትሰጥም ነበር (ክልከላውን በ1978 አንስታለች)። የዩቴፕ ጥቁር አትሌቶች «እዚያ ሄደን አንወዳደርም» አሉ። አሰልጣኙ ከቡድኑ አስወጣቸው። ስኮላርሺፓቸውንም አጡ።

ከእነሱ አንዱ የርዝመት ዝላይ ተወዳዳሪ ነበር። የኒው ዮርክ ልጅ ነው፤ እናቱ በሕፃንነቱ ሞታበት አያቱ ያሳደጉት። ቦብ ቢሞን ይባላል።

በቃ፣ ታሪኩን የምታውቁት አሁን ፈገግ አላችሁ።

ሜክሲኮ፣ ጥቅምት 1961

ኦሎምፒኩ የደረሰው ከስድስት ወር በኋላ ነው። ቢሞን የዩኒቨርሲቲ አሰልጣኝ አልነበረውም፤ የድሮው የዓለም ባለ ክብረ ወሰን ራልፍ ቦስተን፣ ራሱ ተፎካካሪው ሆኖ ሳለ፣ ይረዳው ነበር። ጥቅምት 8 ቀን 1961 በእኛ አቆጣጠር ቢሞን በሜክሲኮ ሲቲው ስታዲየም ሮጦ ዘለለ። ለመለኪያ የተተከለው መሣሪያ እዚያ ድረስ አይደርስም ነበር። ዳኞቹ የብረት ሜትር አስመጥተው በእጅ ለኩት። 8 ሜትር ከ90! የቀድሞው ክብረ ወሰን 8 ሜትር ከ35 ነበር። በአንድ ዝላይ 55 ሳንቲ ሜትር ጨመረበት። በሜትር ሲነግሩት አልገባውም፤ ወደ እነሱ መለኪያ ተቀይሮ ሲገባው ጉልበቱ ከዳውና መሬት ላይ ወደቀ። ክብረ ወሰኑ እስከ 1991 ድረስ፣ ወደ 23 ዓመት ገደማ ቆየ።

ከሁለት ቀን በኋላ ጥቅምት 10 ቀን ወደዚያው ስታዲየም ማራቶኑን እየመራ የገባው ማን ነበር? የእኛው ማሞ ወልዴ። አበበ ቢቂላ በጉዳት አቋርጦ ሲወጣ ማሞ አደራውን ተቀብሎ በ2 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ከ26 ሴኮንድ ጨረሰ። ከሳምንት በፊት ደግሞ በ10 ሺህ ሜትር ብር አግኝቶ ነበር። ሁለቱ ሰዎች አንድ አሸዋና አንድ መም ላይ ታሪክ ሠሩ። ስታዲየሙም፣ ግጥምጥሞሹን አያችሁ፣ የሜክሲኮ ብሔራዊ ዩኒቨርሲቲ ስታዲየም ነው።

ቢሞንን ያባረረው ግቢ ከዝላዩ በኋላ በስሙ ቢኮራ አይገርምም። ቢሞን ግን ዲግሪውን ያገኘው ከዚያ አይደለም። ኒው ዮርክ ተመልሶ አደልፊ የሚባል ዩኒቨርሲቲ ገባና በ1972 በሶሲዮሎጂ ተመረቀ። የዓለም ክብረ ወሰን በኪሱ ይዞ ክፍል ገብቶ ተማረ። ይህን አስምሩበት።

የአፍሪካ ልጆች

ዩቴፕ ከዚያ በኋላ በሩጫ ገነነ። ከአሜሪካ ኮሌጆች ሻምፒዮና ካገኛቸው 21 ዋንጫዎች 20ዎቹ የሩጫና የአትሌቲክስ ናቸው፤ ሰባት በአገር አቋራጭ፣ ሰባት በቤት ውስጥ፣ ስድስት በውጭ ሜዳ። ያቺ የ1966ቷ የቅርጫት ኳስ ዋንጫ አንድ ናት። በ1970ዎቹና በ80ዎቹ መጀመሪያ ለዚህ ውጤት የሮጡት በአብዛኛው በስኮላርሺፕ ከአፍሪካ የመጡ ልጆች ናቸው።

አገር አቋራጭ ለማታውቁ ላስረዳ። የአንድ ቡድን አምስት ቀዳሚ ሯጮች የገቡበት ደረጃ ይደመራል፤ ያነሰ ያሸንፋል። ከአንድ እስከ አምስት ተከታትለው ቢገቡ ድምሩ 15 ነው፤ ከዚያ በታች የለም። ዩቴፕ በ1981 17 ነጥብ አገኘ። ማለት ለሌላው ምንም አላስተረፉም።

ከእነዚያ ሯጮች ታዋቂው ታንዛንያዊው ሱለይማን ኒያምቡይ ነው። ከ1979 እስከ 1982 የኮሌጆቹን 10 ሺህ ሜትር አራት ጊዜ በተከታታይ አሸንፏል። ስሙን እኛ የምናውቀው ግን በሌላ ነው። ሐምሌ 25 ቀን 1972 በሞስኮ ኦሎምፒክ 5 ሺህ ሜትር ፍጻሜ ማርሽ ቀያሪው ምሩጽ ይፍጠር ወርቁን ሲወስድ ከኋላው ሁለተኛ የገባው እሱ ነው። በመካከላቸው አንድ ሴኮንድ አልሞላም። ሬዲዮ ላይ ሰምተው ያበዱ አባቶቻችን «ያ ታንዛንያዊ» ያሉት ሰው የኤል ፓሶ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበር።

እዚህ ላይ ነው ሁልጊዜ የማስበው። አበበና ማሞ የክብር ዘበኛ ወታደሮች ነበሩ፣ ምሩጽ የአየር ኃይል። የእኛ ሩጫ ያደገው በሠራዊቱ ቤት ነው። ከጎረቤቶቻችን ብዙዎቹ ደግሞ በዩኒቨርሲቲ በር ገቡ። የትኛው ይሻላል አልልም፤ በሜዳሊያ ከሆነ እኛም አናፍርም። ልዩነቱ እግር ሲደክም ነው። ዩኒቨርሲቲ የገባ ሯጭ፣ ዩኒቨርሲቲው ቃሉን ከጠበቀ፣ ሌላ ነገር ይዞ ይወጣል።

ከጠበቀ ነው ያልኩት። ምክንያቱም በ1973 የአሜሪካ ኮሌጆች ስፖርት ማኅበር የአራት ዓመቱን ስኮላርሺፕ በየዓመቱ የሚታደስ የአንድ ዓመት አደረገው። ማለት ዘንድሮ አሸንፍ፣ ለከርሞ እናያለን። ከሩቅ አገር ለመጣ ልጅ ይህ ምን ማለት እንደሆነ አስቡት።

ኋላ የመጣው ክብር

ቦቢ ጆ ሂል በፍጻሜው 20 ነጥብ ያስቆጠረ ሰው ነው። ኤል ፓሶ ቀርቶ በአንድ የጋዝ ድርጅት ሲሠራ ኖረ። በ2002 አረፈ። ፊልሙ የወጣው በ2006፣ ቡድኑ በሙሉ የቅርጫት ኳስ የክብር አዳራሽ የገባው በ2007 ነው። ሂል አላየውም። ሃስኪንስ እስከ 1999 አሰልጥኖ 719 ጨዋታ አሸንፎ በ2008 አረፈ፤ ዛሬ ትልቁ አዳራሽ በስሙ ነው የሚጠራው። በግቢው አጠገብ ያለ መንገድም በፊልሙ ስም ግሎሪ ሮድ ተብሏል።

ክብሩ መምጣቱ ጥሩ ነው። ግን አስተውሉ። ዋንጫው ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የኮሌጁ ነበር። ሰውዬው ጋ የቀረው ምንድነው? የተማረው፣ የሠራው፣ «አልወዳደርም» ያለበት ቀን። ቢሞንን ስኮላርሺፑን ነጠቁት፣ ዝላዩን መንጠቅ ግን አልቻሉም። ዲግሪውንም እንዲሁ።

እንግዲህ መልሴ

ወንድሜ፣ አንተ ጋ ልምጣ። «ሂድ» ወይም «ቅር» አልልህም። ሩጫህ ቀልድ አይደለም፤ ሜዳው ላይ አይቼሃለሁ። ክለቡ ግን አንተን ሊጠይቅህ የመጣውን ያህል አንተም ጠይቀው። ጉልበቴ ቢጎዳ የሚያሳክመኝ ማን ነው? ለስንት ጊዜ? ውሉ የስንት ዓመት ነው፣ የሚያፈርሰውስ ማን ነው? በማታም ሆነ በርቀት ትምህርቴን እንድጨርስ ጊዜ ትሰጡኛላችሁ? ይህን በቃል ሳይሆን በወረቀት ይስጡህ፤ ወረቀቱንም ከአባትህና ከእናትህ ጋር አንብበው፣ እኔም አነብልሃለሁ። ቃል ከገቡልህ ሂድ፣ ሩጥ። ከሳቁብህ መልሱን አገኘህ ማለት ነው። አንድ ዓመት ከምናምን ነው የቀረህ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይላሉ አባቶች፤ አንተ ደግሞ ሯጭ ነህ፣ መታጠቂያህን አጥብቅ።

ለሥራ ባልደረቦቼም አንድ ነገር ልበል። ልጆቻችን ሲያሸንፉ ሰልፍ ላይ እናስጨበጭብላቸዋለን፣ ዋንጫውን ቢሮ እናስገባለን፣ ፎቶ እንነሳለን። በመካከሉ ያመለጣቸውን ትምህርት ማን ያስተምራቸዋል? ማርክ መሙላት ደግነት ይመስላል። ለዚያ አጥቂ ጓደኛዬም ሁሉም ደግ ነበር።

ይህን ሁሉ ከጻፍኩ አይቀር የራሴንም ልናገር፤ አንተም ወንድሜ አንብበው። ባለፈው ሴሚስተር ለውድድር ሄደህ የታሪክ ፈተና አልተፈተንክም ነበር። ስትመለስ ላስፈትንህ ይገባኝ ነበር። ድካምህን አየሁና፣ ዋንጫም ይዘህ መጥተህ ነበርና፣ ማርኩን ሞላሁልህ። አመሰገንከኝ። እኔም ደስ አለኝ። አሁን ሳስበው፣ «ትምህርቱን ላቁመው» ያልከኝ ትምህርቱ ምንም እንዳልሆነ እኔው ራሴ ስላሳየሁህ ሊሆን ይችላል። ለዚህ ይቅርታ እጠይቅሃለሁ።

ሰኞ ከሰዓት፣ ልምምድህን ስትጨርስ፣ ላይብረሪ እጠብቅሃለሁ። ያልተፈተንከውን ፈተና ይዤ እመጣለሁ። አብረን እንሠራዋለን። የክለቡንም ወረቀት ይዘህ ና።

እናንተስ ወዳጆቼ? በየትምህርት ቤታችሁ ዋንጫ ያመጣው ልጅ ዛሬ የት ነው? የምታውቁ ካላችሁ ደውሉለት። እኔም ዛሬ ማታ ለዚያ አጥቂያችን ልደውል ነው። መልካም ሰንበት።